በቤት ግድግዳ ውስጥ ስለ ተሰወረ ደዌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አድማጮቻችን ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር የተገኘው በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ከ33ኛው ቍጥር ጀምሮ ነው። ይህ ክፍል በጉባኤ ብዙ ጊዜ አይሰበክበትም። የለምጽን ሕግ የሚያነብ ሰው ስለ ሥጋ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያነባል፤ ስለ ልብስ የተጻፈውን በችኰላ ያልፋል፤ ስለ ቤት ወደ ተጻፈው ሲደርስ ግን፥ «ድንጋይና ጭቃ ደግሞ እንዴት ይታመማል?» ብሎ ገጹን ይገልጣል። እኛ ዛሬ በዚያ ገጽ ላይ ጥቂት ለመቈየት ወደድን። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ቤት የሚታደስበት ወራት ይመጣልና፤ ጣራው የሚያንጠባጥብበት ቆርቆሮ ያስለውጣል፥ ግድግዳው ያዘመመበት ጭቃ ያስረግጣል፥ ልጁን የሚድርም ኖራ ያስቀባል። የእግዚአብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን የጓዳ ነገር ሳይንቅ ስለ ግድግዳ ብዙ ቍጥሮች ማስጻፉ በከንቱ አይደለም።

አሮጌ ቤት ሲታደስ የሚሆነውን አናጢዎችና ግንበኞች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ባለቤቱ ጠርቶ የሚያሳያቸው አንዲት ስንጥቅ ናት። «ይህችን ድፈኑልኝ፤ ቀለም ቀቡልኝ፤ ለበዓሉ ይድረስልኝ» ይላቸዋል። ብልህ አናጢ ግን ወዲያው ሥራ አይጀምርም። አስቀድሞ ግድግዳውን በእጁ ያንኳኳል፥ ጆሮውንም ያዘነብላል። ደኅናው ቋሚ ሲመቱት ድምፁ የታፈነ ነው፤ የተበላው ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ከዚያም አናጢው ባለቤቱን አየት አድርጎ፥ «ጌታዬ፥ ይህን ከፍተን ብናየው ይሻላል» ይላል። ባለቤቱ ይህን ቃል እንደሚፈራው ያለ የሚፈራው ነገር የለም፤ የተከፈተ ግድግዳ ገንዘብ ይጠይቃል፥ የጊዜውንም ቀጠሮ ያፈርሳል።

በከተሞቻችን ያሉት አሮጌ ቤቶች የሚበዙት የእንጨትና የጭቃ ናቸው። አባቶቻችን ቋሚውን ከጽድ ወይም ከወይራ፥ በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባው ከባሕር ዛፍ አቆሙ፤ ማገሩን በቋሚው ላይ አስተኝተው አሰሩ፤ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠው፥ እስኪቦካም ብዙ ቀን አቈይተው መረጉት። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዝናብ ቢያረጥበው ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ርጥበቱ በገባበት መንገድ ይወጣልና። ሲሚንቶ ከመጣ በኋላ ግን ብዙ ሰው ቤቱን የድንጋይ ለማስመሰል በጭቃው ላይ ሲሚንቶ አስለሰነ። ጭቃና ሲሚንቶ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሲሚንቶው ግን በዚህ ሊከተለው አይችልም፤ ስለዚህ ይለቅቀዋል፥ ይሰነጠቃልም። በስንጥቁ የገባው ውሃ ልስኑ ስለሚያፍነው እንደ ቀድሞው በፍጥነት ሊወጣ አይችልም። እንጨቱም መሬት በሚነካበት ዘንድ፥ ማንም በማያይበት፥ ከዓመት ወደ ዓመት ይበሰብሳል። ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር የሚሸሽ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ወደ እንጨቱ ሲወጣ ከጭቃ መሸፈኛ መንገድ ሠርቶ በዚያ ውስጥ ይሄዳል፤ እንጨቱንም ከውስጥ ይበላና የላዩን ስስ ገጽ ብቻ ይተወዋል። ባለቤቱ በቀለም ያሳመረው ያንን ስስ ገጽ ነው።

ከዚህ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ቤቱን ዘመን ብቻ አልጎዳውም። ጕዳቱን ከዓይን እንዲሰውር የተደረገለት ሽፋን ራሱ ጕዳቱን አሳደገው።

ይህ በድሃ ጭቃ ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በላሊበላም ሆኖአል። ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት በዘመናት ብዛት እየተሰነጣጠቁ ውሃ ይገባባቸው ጀመር። በ20ኛው መቶ ዓመት እነርሱን ለማዳን ያሰቡ ሰዎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹን ሬንጅ በተባለው ጥቍር ቅጥራንና በቀለም ቀቡአቸው። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ቅጥራን ውሃን እንደሚከለክል ከኖኅ መርከብ ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዐለት መርከብ አይደለም፤ ከሥሩም ከላዩም ርጥበት ይቀበላል። ከላይ ሲደፍኑበት በውስጡ ያለው ርጥበት መውጫ አጣ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓመት የጀመረው፥ ኢጣሊያዊው የሕንጻ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው የእድሳት ሥራ ከተግባሩ አንዱ ይህን ሽፋን ማንሣት ነበረ። በዓለም ፊት የምንኰራባቸውን እነዚያን ቅዱሳት ሕንጻዎች ለማደስ የመጡ ሰዎች አስቀድመው የቀደመውን እድሳት መፋቅ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ በቅን ልብ የተቀባ ሽፋን እንኳ እንዲህ ካደረገ፥ አውቆ ለመሰወር የተቀባው ምን ያደርግ ይሆን?

ነቢዩ ሕዝቅኤል ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበረ። በትንቢቱ በ13ኛው ምዕራፍ፥ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው እያሉ ሕዝቡን የሚያሳስቱ ነቢያትን ሲገሥጽ፥ ደካማ ቅጥር በምርጊት ከሚያሳምሩ ሰዎች ጋር ያመሳስላቸዋል። በአማርኛው መጽሐፋችን ይህ ምርጊት ገለባ የሌለበት ጭቃ ተብሎአል፤ የተረጐሙልን አባቶች የቤት አሠራር የሚያውቁ ነበሩ። ጭድ የሌለው ጭቃ በመረጉት ዕለት እንደ ሌላው ያማረ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ዶፍ ሲመጣ ግን ይናዳል። በ8ኛው ምዕራፍ ደግሞ ነቢዩ በራእይ ወደ አደባባዩ በር ይወሰዳል፤ በግንቡም ቀዳዳ ያያል፤ እንዲነድለውም ይታዘዛል። ሲነድለው በር ያገኛል፤ በገባም ጊዜ የእስራኤል ሽማግሌዎች ሰባ ሆነው በጨለማ ሲያጥኑ ያያቸዋል፤ እግዚአብሔር አያየንም ይሉ ነበርና። በመካከላቸው ከቆሙት አንዱ ያእዛንያ ይባላል፤ የአባቱም ስም ሳፋን ነበረ። ይህን ስም ያዙልን፤ ጥቂት ቈይተን እንመለስበታለን።

አሁን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ሦስት ወንድማማችና እኅት እናታቸው ካረፈች በኋላ ቤትዋን አድሰው ለመሸጥ ተስማሙ። ገዢ ተገኘች፤ ሁለት ልጆች ያሉአት ሴት ነበረች፤ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፥ ወደደችው፥ ቀብድም ከፈለች። የቀረው ልስኑን ማሳመር ብቻ ነበረ። ግንበኛው ግን በማጀቱ በኩል የተላቀቀውን ልስን ሲያነሣ፥ የማዕዘኑ ቋሚ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል በስብሶ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። በባዶውም ስፍራ አሮጌ ጨርቅና ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ነበር። አስቀድሞ አንድ ሰው ይህን አይቶ፥ አውቆም፥ ጠቅጥቆ ለስኖታል ማለት ነው። ማን እንደ ሆነ የሚናገር አልነበረም፤ ሦስቱም ግን ዝም አሉ።

ታላቅየው፥ «ገዢዋ አይታ ወዳለች፤ እኛ አልደበቅነው፤ መልሰህ ለስነው» አለው። ግንበኛው እጁን በልብሱ ጠርጎ፥ «እለስነዋለሁ፥ ጋሼ፤ እንጀራዬ ነው። ብቻ ልጆችዋን በዚህ ማዕዘን እንዳታስተኛ ንገሩአት» አለ። ታናሽቱ እኅት ይህን በሰማች ጊዜ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ገዢዋንም ይዛ መጥታ የተከፈተውን ግድግዳ አሳየቻት። ዋጋው ወረደ። ታላቅ ወንድምዋም ብዙ ወራት አላነጋገራትም። እውነት በተናገሩ ጊዜ ሁሉ ነገር ወዲያው እንደሚቃና አድርገን ልንሰብክላችሁ አንፈልግም፤ እንደዚያ አይደለምና። ነገር ግን ሁለት ልጆች በዚያ ማዕዘን አልተኙም።

እስኪ ወደ ኦሪቱ እንመለስ። ሕጉ የሚጀምረው ከካህኑ አይደለም። የሚጀምረው ከባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ በቤቴ እንደ ደዌ ያለ ነገር ታየኝ ብሎ እንዲናገር ታዝዞአል። ካህኑ የሰው በር እየከፈተ ግድግዳ እየፋቀ አይዞርም። ባለቤቱም የሚናገረው እርግጡን አውቆ እንዲጨርስ ሳይጠበቅበት ነው፤ መስሎ የታየውን መናገሩ ይበቃል። ብዙ ሰው ወደ ነፍስ አባቱ የማይሄደው፥ «ነገሬን መጀመሪያ ራሴ ላስተካክል፤ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ» እያለ ነው። ይህ ሰው ቋሚውን ካቆመ በኋላ አናጢ ለመጥራት የሚያስብ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ካህኑ ደዌውን ለማየት ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል። ለምን? በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ከቤቱ ጋር እንዳይረክስ ነው። ካህኑ አይቶ ቢፈርድ ማድጋውም፥ አልጋውም፥ የሕፃኑም ልብስ በፍርዱ ውስጥ ይገባ ነበርና፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይውጣ ተባለ። ሕግ በምንለው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለአንድ ድሃ ማድጋ እንኳ የሚራራ ልብ አለ። ካህናት ወንድሞቻችን ይህን እንዲያስተውሉት እንለምናለን። ወደ እናንተ የመጣው ሰው በአንድ ነገር ወድቆ ቢሆን፥ ምጽዋቱን፥ ጾሙን፥ ለልጆቹ የደከመውን ድካም ሁሉ ከዚያ ውድቀት ጋር አንድ አድርጋችሁ አትቍጠሩበት። ዕቃው ደኅና ነው፤ የታመመው ግድግዳው ነው። የሰማችሁትንም በልባችሁ አትማችሁ ያዙት፤ የንስሓ ምሥጢር ከአንደበት ቢወጣ ዳግመኛ ማንም በሩን አይከፍትላችሁም።

ካህኑ ገብቶ ያያል። በግድግዳው አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ጎድጓዳ ምልክት ቢያገኝ፥ መልኩም ከግድግዳው ገጽ ይልቅ ወደ ውስጥ የጠለቀ ቢሆን፥ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ አይፈርድም፥ አያፈርስም፤ ይጠብቃል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ሲያይ ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፤ ግድግዳው በውስጥ በኩል ዙሪያውን ይፋቃል፤ በወጡትም ፈንታ ሌሎች ድንጋዮች ገብተው በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ቤቱ የሚፈርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ተመልሶ ሲወጣ ነው። እንግዲህ በትዳሩ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ባየ ቀን ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ከኦሪት ይልቅ ጨካኝ ሆነ ማለት ነው። አንድም ድንጋይ ሳያወጣ ኖራ ብቻ የሚቀባም ቢሆን ሕጉን አልፈጸመም።

የተፋቀው አፈርስ ወዴት ይሂድ? ከከተማው ውጭ ርኩስ ወደ ሆነ ስፍራ ተወስዶ እንዲጣል ሕጉ ያዝዛል። ወደ ጎረቤት ደጅ አይደፋም። ስለዚህች ነገር ጥቂት መናገር እንወዳለን፤ በዘመናችን ሁለት ዓይነት ሰዎች በዝተዋልና። አንዱ የባልዋን መጠጥ፥ የልጅዋን ስርቆት፥ የወንድሟን ዕዳ ለሃያ ዓመት ለስና የምትኖረው ናት፤ ስንጥቁ በታየ ቍጥር በላዩ የቅዱሳንን ሥዕል የምትሰቅል፥ እንግዳ በመጣ ቍጥርም ወንበሩን ከዚያ ፊት የምታስጠጋ። ሁለተኛው ደግሞ ግድግዳውን በአደባባይ ነድሎ ፍርስራሹን በመንገደኛ ሁሉ ላይ የሚደፋው ነው፤ የቤተሰቡን ነውር በየድግሱና በየስልኩ እየዘራ፥ «እኔ እውነት እናገራለሁ» ይላል። የተፋቀ አፈር ግን ስፍራ አለው። ነገሩን መስማት የሚገባው ሰው አለ፤ የነፍስ አባት፥ የተበደለው ራሱ፥ አስታራቂ ሽማግሌ፥ እንደ ነገሩም ዳኛ ወይም ሐኪም። ደካማ የሚመታበት ወይም ሕፃን የሚጎዳበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሰባት ቀን ይጠበቅ አንልም፤ አስቀድሞ የሚወጣው ሰው ነው፤ ዕቃ እንዲወጣ ያዘዘ ሕግ ሰውን በሚናድ ግድግዳ ሥር አያስተኛም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻም አንዳች ሳንል አናልፍም። በብዙ አጥቢያ ለእድሳት ገንዘብ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚታሰበው ለጕልላቱ ወርቃማ ቀለም ነው። በቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ብዙ ጊዜ በሸራ ተሥሎ የሚለጠፍ ስለ ሆነ፥ ከጣራው የሚወርደው ውሃ በሸራውና በግድግዳው መካከል ሲወርድ ከፊት አይታይም፤ የሚታየው ሸራው አብጦ መላቀቅ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፥ ከጕልላቱ ቀለም በፊት የጣራውን ክዳንና የውሃውን መውረጃ አስመርምሩ። ሥዕሉም ለማንኛውም ቀለም ቀቢ አይሰጥ፤ በአሮጌ ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም መደረብ ማደስ አይባልም።

የይሁዳ ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት የእግዚአብሔርን ቤት ሊያሳድስ ገንዘቡ ለአናጢዎች፥ ለሠራተኞችና ለግንበኞች እንዲሰጥ አዘዘ። መጽሐፉ ሠራተኞቹ የታመኑ ስለ ነበሩ ገንዘቡን እንዳልተቈጣጠሩአቸው ይናገራል፤ ይህ ለዛሬ ኮሚቴዎች ደረሰኝ ላለመያዝ ምክንያት እንዳይሆናቸው እንለምናለን። በዚያ ወራት ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ በቤተ መቅደስ አገኘ። ለጸሓፊው ለሳፋን ሰጠው፤ ሳፋንም በንጉሡ ፊት አነበበው። እነሆ፥ ያዙልን ያልነው ስም ይህ ነው። በኢዮስያስ ዘመን ሳፋን የሚባል ሰው ተሰውሮ የተገኘውን የእግዚአብሔርን ቃል በብርሃን አነበበ፤ በሕዝቅኤል ራእይ ደግሞ ሳፋን ከሚባል ሰው የተወለደው ከግንብ በስተ ኋላ በጨለማ ያጥናል። በአንድ ቤተ መቅደስ ግድግዳዎች መካከል ሁለቱም ነገር ተገኘ።

ንጉሡም ቃሉን ሲሰማ ልብሱን ቀደደ። ልብ አድርጉ፤ ንጉሡ የፈለገው የተናደውን ግድግዳ መጠገን ነበረ፤ ያገኘው ግን የራሱንና የአባቶቹን በደል የሚናገር መጽሐፍ ነው። «ይህን መጽሐፍ መልሳችሁ በነበረበት አኑሩት፤ እድሳቱ ይፈጸም፥ በዓሉም ይከበር» ማለት ይችል ነበረ። አላለም። ወደ ነቢዪቱ ወደ ሕልዳና ልኮ ጠየቀ፤ መልሱም በከፊሉ መራራ ነበረ። ቢሆንም ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ ቃሉን በጆሮአቸው አስነበበ፥ ጣዖታቱንም አስወገደ፥ ፋሲካንም አስደረገ።

አድማጮቻችን ሆይ፥ ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ቤት ወርሳችኋል፤ አንዳንዱ የጭቃ ነው፥ አንዳንዱ የስም ብቻ ነው። ከቋሚው ጋር የበሰበሰውንም አብራችሁ ወርሳችኋል፤ ያልተከፈለ ዕዳ፥ ያልታረቀ ወንድም፥ በአደራ ተቀምጦ የቀረ የሰው መሬት ይኖራል። ያንን ያደረጋችሁት እናንተ አይደላችሁም ይሆናል፤ ኢዮስያስም መጽሐፉን አልሰወረውም። ግድግዳውን ያንኳኳችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ ድምፁንም ሰምታችኋል።

የሌዋውያን ሕግ ቤቱ ከተፋቀና ከተመረገ በኋላ ደዌው ሳይመለስ ቢቀር የሚሆነውን እንዲህ ይናገራል። ካህኑ ሁለት ወፎች፥ የዝግባ እንጨት፥ ቀይ ግምጃና ሂሶጵ ይወስዳል። አንደኛዋ ወፍ በሸክላ ዕቃ ውስጥ በምንጭ ውሃ ላይ ትታረዳለች፤ ሕያዋን ወፍ ከቀሩት ጋር በደሙና በውሃው ውስጥ ይነክራታል፤ ቤቱንም ሰባት ጊዜ ይረጨዋል። መምህራን ስለ እኛ በሞተውና ሞትን ድል አድርጎ በተነሣው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ይመስሉአቸዋል። ከዚያም ካህኑ ሕያዋን ወፍ ከከተማው ወደ ውጭ፥ ወደ ሜዳ ይለቅቃታል፤ ባለቤቱም ዕቃውን ይዞ፥ ጭቃው ገና ወዳልደረቀው ወደ ቤቱ ይገባል።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።